ልጄ የጣለችኝ ዕለት

የስደት ወሬ ሲጀመር ሁልጊዜ ሌሊት ነው፤ ጨረቃ ትወጣለች፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሰው በሹክሹክታ ይሰነባበታል። እኛ ግን ከጎንደር የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ በልተን ነው። የእስራኤል ጉዞ ወረቀታችን አልቆ ስማችን ስለተጠራ የምንሸሸው ነገር አልነበረም። ሌሊት ካልገባበት ቅር ለሚላችሁ ግን የዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር እንደነጋ ልንገራችሁና ወደ ቀኑ ልመለስ።

የተጠራው የሦስታችን ስም ነበር፤ የእኔ፣ የባለቤቴ የአድማሱና የልጃችን የብርቱካን። የእናቴ ፋይል “ገና ነው” ተባለ። ምኑ ገና እንደሆነ የነገረን የለም። እናቴ ግን ገበያ የምንቀድማት ይመስል “እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እደርሳለሁ” እያለች ሻንጣችንን ታስር ነበር። መኪናው በር ላይ ሲቆም ብርቱካን ጠፋች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስንፈልጋት ጓሮ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች። ከጨዋታው መሃል ጎትተን አወጣናት። “ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ!” እያለች መኪና ውስጥ ገባች፤ እስከ አውሮፕላን ጣቢያው ድረስም አኮረፈችን።

ይኸው አፉላ የምትባል ከተማ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ስለ አገሩ ምን ልበላችሁ? ሜዳ ነው፤ ሙቀቱ ከታችም ከላይም ይመጣል። ቁርስ ላይ ጥሬ ኪያር ይበላሉ። አውቶቡስ ሲጠብቁ የፈረንጅ ሱፍ በጥርሳቸው ይፈለቅቃሉ፤ ፍሬው ወደ ሆድ፣ ገለባው ወደ መሬት፣ ወሬውም አይቋረጥም። እንዴት አድርገው እንደሚችሉት ብዙ ቀን ቆሜ አይቻለሁ፤ እኔ ስሞክር ገለባውን ውጬ ፍሬውን ተፋሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የልጆች ጨዋታ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ለመጫወት በር መክፈት ብቻ ይበቃዋል፤ የሚቸግረው ማስገባቱ ነው። እዚህ ልጅ የሚጫወተው በቀጠሮ ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ዕድሜው ይመዘገባል። መሃል ከተማ ማትናስ የሚባል የሰፈር ማዕከል አለ፤ ግድግዳው በማስታወቂያ ተሸፍኗል። ማንበብ ባልችልም ሥዕሉን አያለሁ። አንዱ ሕፃን ታቅፈው ምንጣፍ ላይ እግራቸውን የሚያነሱ እናቶች ናቸው፣ አንዱ ፊቱን እንደ ነብር የተቀባ ልጅ ነው፣ አንዱ ጊታር የያዙ ጎረምሶች፣ አንዱ ቤተሰብ ሙሉ ሣር ላይ ተቀምጦ ሲበላ። ከምሠራበት ፋብሪካ ስመለስ ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀደም ብዬ እየወረድኩ እነዚህን ሥዕሎች አይ ነበር።

ብርቱካን ቋንቋውን በስድስት ወር ያዘችው። ከዚያ በኋላ የቤታችን ምላስ እሷ ሆነች። ባንክ እሷ፣ ክሊኒክ እሷ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ስለ ኪራዩ የምትነጋገረው እሷ። ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ ሰውየው መጥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ አየና ተናገረ።

“ምን አለ?” አልኳት።

“ውሃ አይደለም ይላል።”

“ታዲያ ምንድን ነው በይው።”

ጠየቀችው። “ርጥበት ነው ይላል።”

“ርጥበት ውሃ አይደለም ወይ? በይው።”

“እሱን ቢሮው ያለችውን ጸሐፊ ጠይቁ ይላል።”

“ጸሐፊዋ ጣራ ታውቃለች ወይ? በይው።”

“እማዬ፣ ደክሞኛል” አለችኝ። እኔም ለጣራው ባልዲ አቀረብኩለት።

አንድ ቀን ታዲያ ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ “እማዬ፣ እኔም ሁግ መግባት አለብኝ” አለችኝ። በእኔ ጆሮ የገባው ሕግ ነው። ደነገጥኩ። “ምን አጠፋሽ?” አልኳት። “ምንም። ሁሉም ልጆች ሁግ አላቸው።” “ሁሉም? በዚህ ዕድሜያቸው?” “አዎ፣ ማትናስ ነው የሚጠየቀው፤ ወላጅ መምጣት አለበት።” አድማሱ ከሥራ ሲገባ ልጃችን ሕግ ፊት ልትቀርብ ነው አልኩት። ምስኪን፣ በነጋታው የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ከጎንደር ይዘን የመጣነውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዞ ተከተለኝ።

ማትናስ ያለችው ፓኪዳ፣ የቢሮ ሠራተኛዋ ማለቴ ነው፣ ብርቱካንን ገና ስታያት “ሞቴክ!” ብላ ጮኸች። እኔ ወንበሩን ያዝኩ። “ማን ሞተ?” አልኩ። ብርቱካን በሳቅ ፈረሰች። ለካ ሞቴክ ማለት “የኔ ጣፋጭ” ማለት ነው! ሴትዮዋ ቀጥላ ሥዕል ያለበት ወረቀት ዘረጋችልን፤ ዳንስ፣ ሸክላ ሥራ፣ ዋና፣ ጁዶ። “የቱን ሁግ?” ትላለች። አድማሱ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ወደ እኔ ዞረና “ሙሉ፣ ይህ ሕግ ዋና አለው” አለኝ። ያኔ ገባን። ሁግ ማለት ልጆች ከትምህርት በኋላ ተሰብስበው የሚማሩት ጨዋታ ነው።

ብርቱካን ጁዶ መረጠች። ሰው መጣል! ሸክላውን ብትመርጥ ቢያንስ በአያቷ በወጣች ነበር፤ እናቴ እድሜዋን ሁሉ ሸክላ ሠርታ ነው ያሳደገችን። ብርቱካን ግን ሙጭጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርሳት በመስኮት ያየሁትን ግን አልረሳውም። ነጭ ልብስ የለበሱ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዝቅ ብለው እጅ ተነሳሱ። በዚህ አገር ልጅ ለሚኒስትርም አንገቱን አይሰብርም፤ ብርቱካን ራሷ ሽማግሌ ስታገኝ “ሃይ” ማለት ጀምራለች። እነሆ እጅ መንሳት የጠፋብኝን ጁዶ ቤት አገኘሁት! ገብቼ ባየው ብዬ ተመኘሁ። ብርቱካን ግን በየሳምንቱ በሩ ላይ “ወላጅ አይገባም” ትለኛለች፤ እኔም ደንብ ይሆናል ብዬ እመለሳለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ልብሷን ላጥብ ስል ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሥለውበታል። “ምንድን ነው?” ስላት “የልጆች ብቻ ነው” ብላ ልትቀማኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ታችኛው ፎቅ ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ በሰማንያ ሦስቱ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከመጡት ናቸው፤ ዕብራይስጥ ማንበብ አያቅታቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡልኝ።

“ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ተኩል፤ በእኛ አሥራ አንድ ተኩል መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር ምንጣፍ ላይ ይወርዳል ይላል። ሰፊ ልብስ ልበሱ ይላል።”

“ከወላጁ ጋር? እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?”

“ሆሪም ማለት ወላጆች ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፈውታል እኮ።” ቀና ብለው አዩኝና “አልነገረችሽም?” አሉ።

“ረስታው ይሆናል” አልኩ። እሳቸውም የምትረሳ ልጅ እንዳልሆነች ያውቃሉ፤ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

ተናደድኩ ብላችሁ እውነቱን አልነገርኳችሁም። ከፋኝ። አፍ ሆናልኝ የኖረች ልጅ እያወቀች አጣማ ነገረችኝ። በእኔ አፈረች ማለት ነው አልኩ። መሄድና መቅረት መሃል ስዋልል ሰነበትኩ። ማክሰኞ ሲደርስ ግን የፋብሪካ ፈረቃዬን ከአንዲት ልጅ ጋር ቀየርኩና የአድማሱን የስፖርት ሱሪ ከቀሚሴ ሥር ለብሼ ሄድኩ።

ብርቱካን አየችኝ። ፊቷ ቀላ፣ እየሮጠች መጣችና “ላማ ባት?” አለችኝ በሹክሹክታ። ለምን መጣሽ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዕብራይስጥ ደርሶኛል። “ልጣል” አልኳት።

አሰልጣኙ ከሩሲያ የመጣ፣ ጆሮው እንደ ተጣጠፈ ዳቦ የሆነ ሰውዬ ነው። ጮክ ብሎ ተናገረ። እኔም እንደ ልማዴ “ምን አለ?” አልኳት። ብርቱካን ትከሻዋ ወረደ። “ጫማ አውልቁ አለ” አለች፣ ጣራው ያፈሰሰ ዕለት ባወራችው ድምፅ። ቀጥሎ ሲናገር ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ዓይኗን አየሁና ጥያቄዬን ዋጥኩት። ሌሎቹ እናቶች ምን እንደሚያደርጉ አየሁ፤ ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲሰለፉ ተሰለፍኩ።

ወላጅ በአንድ ወገን፣ ልጅ በሌላው ወገን ቆምን። ብርቱካን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝቅ አለችልኝ። እኔም ዝቅ አልኩላት። ከጎንደር ከወጣን ልጄ እጅ ስትነሳኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጊዜ ግን አልሰጠችኝም። እጅጌዬንና የደረቴን ልብስ ጨብጣ፣ እግሯን ከእግሬ ኋላ አስገብታ፣ “ዘና በይ” አለችኝ። ከዚያ የማስታውሰው የጣራውን መብራት ነው። በእኛ አገር እናቷን የጣለች ልጅ ሽማግሌ ይሰበሰብባታል፤ እዚህ አጨበጨቡላት።

“አመመሽ? እማዬ፣ አመመሽ ወይ?” አለች፣ በአማርኛ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እየሰሙ። እኔ በሳቅ መነሳት አቅቶኛል። “ድገሚኝ” አልኳት። አራት ጊዜ ጣለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በባቡር ጣቢያው በኩል በእግር ሄድን። ወሬውን እሷ ጀመረች።

“ወረቀቱን ዋሽቼሻለሁ።”

“አውቃለሁ። በእኔ አፍረሽ ነው?”

“አይደለም።” እግሯን እያየች ሄደች። “ቤት ስሆን ምን አለ፣ ባንክ ስሆን ምን አለ፣ ክሊኒክ ስሆን ምን አለ። ጁዶ ላይ ማንም ምን አለ አይለኝም። እዚያ ልጅ ብቻ ነኝ።”

ይህን ሁሉ ጊዜ ጎበዝ ልጅ አለችኝ እያልኩ ለሰው ስኮራባት፣ ለካ ሸክሙን አላየሁላትም። “ከዛሬ ጀምሮ አልጠይቅሽም” አልኳት። “ትጠይቂኛለሽ” አለችና ሳቀች። ወዲያው ጣቢያው ላይ ማጉያው ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ለፈለፈ። “ምን አለ?” አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ እያሳሳቅኩ አወራኋት፤ ወረቀቱን መደበቋን፣ ሱሪዬን፣ አወዳደቄን። እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ቆም አለች።

“አንቺም እኮ አድርገሽዋል” አለችኝ።

“ምኑን?”

“የወላጆች ቀን ቀርቷል ብለሽኝ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሽ።”

“እኔ? እምዬ፣ እኔ አላልኩም።”

“ብለሻል። ቀሚሴን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፣ አንቺ ሮጠሽ መጥተሽ ዘንድሮ ቀርቷል አልሽ።”

መጣልኝ። ልጆቹ የሸክላ ሠሪ ልጅ እያሉ ስም ያወጡብኝ ነበር። የእናቴ እጅ ጭቃው ከጥፍሯ ሥር አይለቅም ነበር፤ እሷን ካዩ የበለጠ ይሉኛል ብዬ ነው። ይህን ነገር ከአእምሮዬ እንዴት እንደፋቅሁት አላውቅም።

“አምነሽኝ ነበር?” አልኳት።

“ምን ብዬ ልመን? የበዓሉ ከበሮ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልመጣሽም?”

“አትምጪ ያልሽኝ መሰለኛ” አለች፣ ምንም ሳይመስላት። “ዘፈኑን ሁሉ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ያንቺ ክፍል የዘመረው የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አንቺ ግን ለብርቱካን ሄድሽላት።”

“ሄድኩ።”

“ደግ አደረግሽ። እኔ ቀረሁ።”

ነይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ያላልኳትን አሁን፣ ነይ፣ እጅሽን እንደያዝኩ አፉላ ከተማ መሃል ልሂድ፣ ማትናስ በር ላይ እናቴ ናት ልበል፣ ልላት። ነይ የማለቱ ሥልጣን ግን የእኔ አይደለም፤ ፋይሏ ዛሬም አንዲት የማላውቃት ፓኪዳ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። 

“ሙሉዬ፣ አለሽ?” አለች እናቴ።

“አለሁ” አልኳት።