እናቴ በእግሯ የምትወጣበት መንገድ

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ከአዋሽ ወደ ሰመራ አምጥቼ አብራኝ እንድትኖር ለመንኳት። ወንድሞቼ «እዚያ ምን ታደርጋለች? ማንን ታውቃለች?» ብለው ተቃውመውኝ ነበር። እኔ ግን በከተማው ማዘጋጃ ቤት የመንገድ መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ቤቴ ሰፊ ነው፣ ጥሩ ማራገቢያም አለው። የሚጎድላት ነገር አልታየኝም።

እናቴ በልጅነቷ ከወሎ መጥታ አዋሽ ያደገች፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አግብታ እኛን የወለደች ሴት ናት። አዋሽ ላይ ቀኑን የምታሳልፈው በእግሯ ነበር። ጠዋት ገበያ ትወርዳለች፣ ስትመለስ የታመመ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ለአባቴ ምሳውን ይዛ ጣቢያው ትሄዳለች። በሰፈሩ ትልልቅ ዛፎች ስለነበሩ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው እየተሻገረች፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች ነው የምትደርሰው።

ሰመራ በገባች ማግስት ብቻዋን ገበያ ወጣች። ከቢሮ ስመለስ ሻሿን ውሃ ነክራ ግንባሯ ላይ አድርጋ ጋደም ብላ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እማ?»

«ምንም አልሆንኩ። መንገዳችሁ ግን ማለቂያ የለውም፣ ልጄ። አረፍ የሚባልበት ቦታ የለም፣ ዛፍ የለም። ለመኪና እንጂ ለሰው የተሠራም አይመስል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መውጣት ተወች። ባጃጅ ስጠራላት እሺ ብላ ትሳፈራለች፤ ስትመለስ ግን ፊቷ አይፈታም። «በባጃጅ እየበረሩ ከማን ጋር ሰላም ይባባላሉ?» ትለኛለች። እያደር ወሬዋም አነሰ። አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር በስልክ ስታወራ «ቤቱስ ደህና ነው፣ ደጅ የለውም እንጂ» ስትለው ሰማሁ።

ይህቺ ንግግሯ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የቢሮውን መኪና ትቼ በእግሬ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። ከሎጊያና ከዱብቲ የሚመጡት ሚኒባሶች ሰውን ዋናው አስፋልት ላይ ያራግፉታል፤ ከዚያ እስከ ገበያው ድረስ ያለው መንገድ ሰፊና ገላጣ ነው። ሰዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ አቧራ ያዘለውን ነፋስ እየገፉ ይሄዳሉ። ጥቂት ቀን አብሬያቸው ከተጓዝኩ በኋላ የእግረኛውን መንገድ የሚያሰፋና ጥላ የሚሰጥ ንድፍ ሠርቼ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። ኃላፊዬ የአካባቢው ተወላጅ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ሰመራ ገና የምታድግ ከተማ ናት» አሉኝ። «መንገዱን ያሰፋነው ለነገ ብለን ነው፤ አንቺ ደግሞ ከአስፋልቱ ልትቆርሺ ነው። ለመሆኑ በዚህ ፀሐይ በእግሩ የሚሄድ ሰው የት አየሽ?»

«ይምጡና ላሳይዎት» አልኳቸው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሚኒባሶቹ መውረጃ ተነስተን ወደ ገበያው ተጓዝን። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ሰዎች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ቆመዋል። ኃላፊዬ ግራ ገብቷቸው «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጅ ያዘለች ሴት «ምንም። ትንሽ አርፈን ልንሄድ ነው» አለቻቸው።

ሁለታችንም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልነው። ሰዎቹ የተሰለፉት አንድ የመብራት ምሰሶ በጣለው ቀጭን ጥላ ውስጥ ነበር። ኃላፊዬ መሐረባቸውን አውጥተው ላባቸውን ጠረጉና ከሰልፉ መጨረሻ ሄደው ቆሙ። ጥላው ግን ለእሳቸው አልደረሰም፤ ግማሽ ፊታቸው ፀሐይ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው፤ ሰዎቹም ተከትለው ሳቁ። ቢሮ ስንመለስ «በይ ንድፍሽን አምጪው» አሉኝ።

ሰው ገበያ የሚወጣው ጠዋት ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ያሉት ሱቆች በጠዋት ጥላ የሚጥሉበትን የምሥራቁን ጎን መረጥኩ። ከአስፋልቱ ጥቂት ቆርሰን የእግረኛውን መንገድ አሰፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ኒም ተከልን። ችግኞቹ እስኪያድጉ ደግሞ የብረት ምሰሶ አቁመን፣ የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን የሰሌን ምንጣፍ ከላይ ዘረጋንበት። በየመሃሉ መቀመጫ ሠራን። ገበያው በር ላይ ሰው የሚሻገርበትን ቦታ ከፍ አድርገን፣ መኪና ወዶ ሳይሆን በግዱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ አደረግነው።

ሥራው ባለቀ ሰሞን እናቴን «ተነሺ፣ መንገድሽን ላሳይሽ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ደርሰን ሳይ ክው አልኩ። ባጃጆች ከዳር እስከ ዳር ጥላው ሥር ገብተው ቆመዋል። እግረኛው እንደ ድሮው ፀሐይ ላይ ይሄዳል። ንዴቴ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም፤ ትራፊክ ፖሊስ ልጠራ ስልኬን አወጣሁ። እናቴ ግን ቀድማኝ ሄዳ የአንዱን ባጃጅ ጣሪያ መታ መታ አደረገች። ውስጡ ያንቀላፋው ጢማም ሹፌር ብንን አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ቤትህ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም ማዘር! ፀሐዩ እኮ ነው። ወንበሩ ሲግል ተሳፋሪ አይቀመጥልንም።»

«ታዲያ እኔ በየት በኩል ልሂድ?»

ሹፌሩ እሷን አየ፣ ፀሐዩን አየ። «እውነትሽን ነው ማዘር» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ከመሄዱ በፊት ግን ወደ እኔ ዞረና «ለእኛም አንድ ጥላ ሥሩልን፤ ያኔ እዚህ ድርሽ አንልም» አለኝ።

ስልኬን መልሼ ከተትኩ። የጠየቀው ተገቢ ነገር ነበር። በተረፈው ብረትና ምንጣፍ ከመንገዱ ማብቂያ ላይ ለባጃጆቹ ማቆሚያ ሠራንላቸው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ሹፌሮቹ ናቸው። በእግረኛው መንገድ መግቢያዎች ላይም ትልልቅ ድንጋይ አኖርን።

ከዚያ በኋላ እናቴን ቤት ማግኘት ከባድ ሆነ። አንድ ቀን ለምሳ ስመለስ የለችም፤ ደንግጬ ፍለጋ ወጣሁ። መንገዱ መሃል ካለው መቀመጫ ላይ ከአንዲት ወተት ሻጭ አፋር ሴት ጋር ተቀምጣለች። እናቴ አዋሽ የለቀመቻትን ጥቂት አፋርኛ፣ ሴትየዋ ደግሞ የምታውቃትን ጥቂት አማርኛ ይዘው፣ በእጃቸው ጭምር እያወሩ ይሳሳቃሉ።

«የት ጠፋሽ እማ? አስደነገጥሽኝ እኮ!»

«የት እጠፋለሁ? ሰው ሰላም ስል ቆይቼ ነው» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን አገር ሆነ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ኃላፊዬ ቢሮዬ ብቅ አሉና «ከሰዓት በኋላስ ሰው አይሄድም እንዴ? ያኛው ጎን ለምን ይቀራል?» አሉኝ። ሜትሬን ይዤ የምዕራቡን ጎን ልለካ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ስለካ እናቴ ሦስት አራት ሴቶች አስከትላ በዚያ በኩል መጣች። ሰመራ ስኖር ዓመታት ቢያልፉኝም አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር።

«ልጄ ናት» አለቻቸው። «ነይ እስቲ፣ ጎረቤቶችሽን ተዋወቂ።»

የእጄን አቧራ አራገፍኩና አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው።