ጋሽ ሙክታርና አሥራ ሁለት በመቶ ባትሪ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ዘሃራ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ስሰማ ገና ሳይነግሩኝ ገባኝ። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም ጋሽ ሙክታር የምንላቸው የጭሮው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ለወራት በታገላቸው የኩላሊት ሕመም ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው የተፈጸመው በዚያው ዕለት ስለነበር ከሚኤሶና ከመቻራ የመጡት ወዳጆቻቸው ለጀናዛው አልደረሱም፤ ያገኘኋቸው ለቅሶ ቤት ነው። ሁሉም ስለ እሳቸው የሚያወራው ነበረው። የእኔ አፍ ግን አልፈታ አለ፤ የማወራው ነገር የራሴም ጥፋት ያለበት ነውና። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

ጋሽ ሙክታር ሥራ የጀመሩት ራዲዮና የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ሲመጣ ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረችው ጠባብ ሱቃቸው የሚመጣው ደንበኛ አቤቱታው አንድ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወዲያው ይሞታል። እሳቸው ባትሪው ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ማሽኑን ከፍተው ውስጡ ምን እየተሠራ እንደሆነ ያያሉ። «አንቺ አንዲት ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ከኋላ ሃያ ነገር ይሠራል። ባትሪው ሃያውንም ይቀልባል» ይሉ ነበር።

እኔ ያኔ በጭሮ የበጎ ፈቃድ ደም ለጋሾች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። የለጋሾቹ ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ ቁጥር ያለው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጋሽ ሙክታር ሊያዩት መጡ።

«ትዕግሥት፣ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የተጫነበት ሲስተም ደግሞ አዲስና ከባድ። ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ልጫንልሽ። እሱን ካልፈለግሽ ዝርዝሩን በወረቀት አትሚው» አሉኝ።

«ፋይሉ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሙክታር። ይተዉት» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። በወረቀትም አላተምኩትም።

ከወር በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ሳለ ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከሆስፒታል የደወለች አዋላጅ ነበረች።

«አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው። የነበረንን ሰጥተናታል፣ አልበቃትም። ሰው ፈልጊልን፣ ቶሎ!»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዝርዝሩን ስጠብቅ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ሲስተሙ ራሱን እያዘመነ መሆኑንና እንዳላጠፋው ይናገራል። መክፈት አልችልም፣ ማቆምም አልችልም። ክቧ እየዞረች ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሠላሳ በመቶ ላይ ሲደርስ ባትሪው አለቀና ስክሪኑ ጠቆረ።

ላፕቶፑን ታቅፌ በአስፋልቱ ላይ ሮጥኩ። ሱቁ ስደርስ እያለቀስኩ ነበር። ጋሽ ሙክታር እስክጨርስ ሰሙኝና «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አሉኝ።

«ጄኔሬተር ያለበት ወስደን ብንሰካውስ?» አልኩ።

«ማዘመኑ መሀል ላይ ስለተቋረጠ ቶሎ አይነሳም። ዝርዝሩ ግን ዲስኩ ላይ አለ።»

ብሎኖቹን ፈትተው ዲስኩን አወጡና በኬብል ከራሳቸው ላፕቶፕ ጋር አገናኙት። የእሳቸውም ያረጀ ነው፤ ግን ቀላሉ ሲስተም ስለተጫነበት ከረፋድ ጀምሮ ያለ መብራት ሲሠሩበት ውለዋል። የቀረው አሥራ ሁለት በመቶ ነበር። አሁን ደግሞ ዲስኩንም ሊቀልብ ነው። ኔትወርኩን አጠፉ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀነሱ፤ የደበዘዘው ስክሪን እንዲታየንም የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት።

ዲስኩ አልከፈት አለ። ዘጠኝ በመቶ።

«ሲቋረጥ ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩ።

«ዝም በይ። ለማንበብ ብቻ እከፍተዋለሁ፤ ምንም አልጽፍበትም።» ስክሪኑ ላይ በከፈቱት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ ጻፉ፣ ተሳሳቱ፣ ደግመው ጻፉ። ከንፈራቸው «ያ ረቢ» ይላል። እኔም በልቤ ጌታን እየጠራሁ ነው። ስድስት በመቶ ላይ ዝርዝሩ ተከፈተ።

ኦ ኔጋቲቭ የሆኑት አራት ሰዎች ናቸው። እሳቸው እያነበቡ እኔ በካርቶን ላይ ጻፍኩ። አራተኛውን ቁጥር ጽፈን ብዙም ሳንቆይ ላፕቶፑ ጠፋ።

የመጀመሪያው ስልክ ዝግ ነው። ሁለተኛው በቅርቡ ደም ሰጥቷል። ሦስተኛዋ የምታጠባ እናት ናት። አራተኛው፣ በላይ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሊቋረጥ ሲል አነሳ።

«ቦርደዴን አልፌ ሚኤሶ እየገባሁ ነው። ወደ ጭሮ ነኝ፤ ግን ጭነቴ ከባድ ነው፣ ዳገቱን እስክወጣ ይመሻል።»

ጋሽ ሙክታር ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ወንድሜ፣ መኪናህን ሚኤሶ አቁም። ቁልፉን ለምታምነው ሰው ስጥና በሚኒባስ ና። የሰው ነፍስ ናት።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። አዋላጇ ሁለት ጊዜ ወጥታ «አልመጣም?» አለችን፤ ሁለተኛ ስትወጣ ዓይናችንን ማየት አልቻለችም። ጋሽ ሙክታር መንገዱን እያዩ ይንጎራደዳሉ እንጂ አንዴም አልተቀመጡም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ በላይ ከባጃጅ ዘሎ ወረደና ሳያናግረን ወደ ውስጥ ሮጠ። ወላዷ መትረፏ የተነገረን ለመግሪብ፣ ለምሽቱ ሶላት፣ አዛን ሲባል ነው። ጋሽ ሙክታር «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። በማግስቱ ዲስኩን ይዘው መጥተው «ዛሬስ ትፈቅጂልኛለሽ?» ብቻ አሉ። መጀመሪያ ዝርዝሩን አተሙልኝ፤ ቀጥሎ ቀላሉን ሲስተም ጫኑ። ያለ መብራት አንድ ሰዓት እንኳ የማይቆየው ላፕቶፕ ሦስት ሰዓት ግድም መቆየት ጀመረ።

ሁልጊዜ ይሳካላቸው ነበር ማለቴ አይደለም። የመቻራ አንድ መምህር ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ሲስተም ጭነው ባትሪው ጭራሽ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። መምህሩ ሲደውልላቸው ማሽኑን ላክልኝ አላሉትም። በዚያ አስቸጋሪ መንገድ በአይሱዙ ሄደው የነበረውን መለሱለትና «ይኼኛው ማሽን ከሲስተሜ ጋር አልተግባባም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ መሞከር ነበረብኝ» አሉት። ለቅሶ ቤት ያን መምህር አገኘሁት። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ እሳቸው አውርተውት አያውቁም።

ጋሽ ሙክታር፣ አላስጨንቅሽ ብለው አንድም ቀን ስለዚያ ሐሙስ አላነሱብኝም። እኔም ዝምታዎን እንደ ምሕረት ቆጥሬ፣ ያኔ እምቢ ስል የፈራሁት ለዝርዝሩ ሳይሆን ለራሴ እንደነበረ ሳልነግርዎ ቀረሁ። የአንዲት እናት ሕይወት በእኔ ፍርሃት ሊያልፍ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎም እኔም በየእምነታችን የለመንነው ፈጣሪ ማረፊያዎን ያስፋልዎ፤ ለወይዘሮ ዘሃራና ለልጆችዎ ሶብሩንና መጽናናቱን ይስጣቸው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።