አምስት ጊዜ የቀለለው ፔዳል

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የፍሪሲዮኑን ልስላሴ ነበር። ልገዛት የመጣሁት አሮጌ ነጭ መኪና ውስጥ ገብቼ ግራ እግሬን ፔዳሉ ላይ ባሳርፍ፣ ምንም ሳይታገለኝ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደረጃው ያለቀ መስሎት ባዶ አየር እንደረገጠ ሰው ደነገጥኩ።

«በጣም ይለሰልሳል» አልኩ።

«ይለሰልሳል» አለ ባለመኪናው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ወደ ቦታው ሳልመልሰው አልሰጥሽም። ግማሽ ቀን ታገሺኝ።»

መካኒክ ነው። ሰዉ ጋሽ ካልሲ ይለዋል። ፍሪሲዮን ሲፈትሽ የግራ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ነው የሚረግጠው። የገመዱን መላላት፣ የኩሽኔታውን መድረቅ፣ የሞተሩን ኃይል ይዞ የሚለቀውን ሸራ ማለቅ በውስጥ እግሩ ይለያል። ሌሎች ጋራዦች አቅቷቸው የተውትን መኪና ሰው እየጎተተ ያመጣለታል። ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቱ በግቢው በር እያለፈ፣

«ካልሲህን የምታወልቅ ቀን ቀድመህ ንገረን፣ ሰፈር እንለቃለን!» አለው።

«አፍንጫህን ለጎማህ ቆጥብ» አለ ጋሽ ካልሲ ሳይዞር። አልሳቀም።

ጋራዡ የገዛ ግቢው ነው። ሁለት መኪና የሚያስጠልል ቆርቆሮ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ የመፍቻ ቁልፎች፣ ከዚያም በአሥር እርምጃ ርቀት መጋረጃ የተጣለበት የመኖሪያ ቤቱ በር። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ተንጋለለ። ካምቢዮውን አወረደና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ድምፁ ከመኪናው ሆድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ሰው ፔዳል ሲቀል ጥሩ ይመስለዋል። ቁም ነገሩ እሱ አይደለም። ሸራው የት ጋ እንደያዘ፣ የት ጋ እንደለቀቀ ለእግርሽ ሊነግረው ይገባል። ይሄኛው አይናገርም። አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

ጨርቁ ላይ ያሉትን አየሁ። ከፔዳሉ ጀርባ እየገፉ እግር የሚያግዙ ሦስት ትንንሽ ሞላዎች። በብየዳ ሁለት ጣት ያህል የተቀጠለ የብረት ክንድ። ከሌላ፣ ከትንሽ መኪና የተወሰደ፣ ሸራውን የሚጫን ሳህን።

«ይህን ሁሉ ለምን?» አልኩት።

መልሱን የሰጠኝ ቀስ እያለ፣ ቡሎን እያጠበቀ ነው። መኪናዋ የሚስቱ ናት። አሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሳባታለች። ልጆቹ የለጠፏቸው ኮከቦችና ዓሦች ዛሬም የኋላው መስኮት ላይ አሉ። ካቻምና፣ ዝናቡ በጠናበት ወር፣ አንድ ቀን ተመልሳ «አንተ ሰውዬ፣ ፍሪሲዮኑ ከብዶኛል» አለችው። ገመዱን ቀየረላት።

«በወሩ መጣች። ደግሞ ከበደኝ አለች። ጫማዬን አውልቄ ረገጥኩት። ምንም አልሆነም። እኔ እንዳስተካከልኩት ነው ያለው። ቀና ስል ጫማዋን አየሁ። የግራው ጫፉ ተበልቷል፤ እግሯን መሬት ለመሬት ስትጎትት ከርማለች።»

«ነገርካት?»

«ሞላ ጨመርኩላት።»

 ከመኪናው ሥር እጁን አውጥቶ የመፍቻ ቁልፉን አቀበለኝ።

«የእግሯን ጥፋት ፔዳሉ ላይ ለጠፍኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ፈርቼ ነው። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ነገ ሌላ ነገ ይወልዳል። ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ባቀለልኩላት ቁጥር ረግጣው ፊቷ እንዴት እንደሚበራ! ‹እጅህ ይባረክ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?› ትላለች። ያን ፊቷን ወደድኩት። በመጨረሻ ሳህኑ በጣም ለሰለሰና ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ልጆቹ ‹እቴቴ፣ ወርደን እንግፋ?› ይሏታል። መኪናዬ አረጀች ብላ ትስቃለች።»

ከዚያ አንድ ጠዋት እግሯ ከነጭራሹ አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ጀርባዋ ላይ ነርቭ የሚጫን እባጭ አገኘ። እባጩ ወጣ፤ እግሯ ግን አልተመለሰም። በካርዷ ላይ ሕመሙ የጀመረው ሐኪም ቤት ከመምጣቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነው ተብሎ ስለተጻፈ፣ በሁለት ሳምንት የተጎዳ ነርቭ መንቃት ነበረበት እያለ ሐኪሙ እስከ ዛሬ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። በየሳምንቱ ምርመራ ያዝላታል።

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለ ከሥር።

ፀሐይዋ ከአናት ዘወር ስትል ሁሉን ገጣጥሞ ጨረሰ። ፔዳሉን ረግጬ ሞከርኩት። ከበደ፣ ግን ተናገረ። መሐል ላይ ሲደርስ ሸራው ሲለቅ በአውራ ጣቴ ሥር ተሰማኝ። አንድ ብረት ይህን ያህል ሊነግረኝ መቻሉ ገረመኝ፤ የሚስቱን ነገር ሰምቼ በፔዳል መገረሜም አሳፈረኝ።

የቤቱ መጋረጃ ተገለጠ። ሚስቱ በሁለት ክራንች ወጣች። ጠይም፣ ሰፊ ግንባር ያላት፣ ፀጉሯን በደንብ የተሠራች ሴት ናት።

«ገዢዋ አንቺ ነሽ? ልጅ ነሽ እኮ! በይ ልሰናበታት፣ ውረጂልኝ።»

«ተይ እቴ፣ ወንበሩ ግራሶ ነክቶታል» አለ ጋሽ ካልሲ ፈጥኖ።

«አሥራ አንድ ዓመት ግራሶህን አጥቤ ዛሬ ልጠየፈው? ዞር በል።»

ክራንቾቿን ተቀበልኩ። ተቀመጠች፣ መሪውን ዳበሰች፣ ግራ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ፔዳሉ ላይ አደረገች። ገፋች። አልተነቃነቀም። ጉልበቷን በመዳፏ ተጭና ደግማ ገፋች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ።

«ይሄ የኔ ፔዳል አይደለም። ምን አደረግከው?»

«ወደ ቦታው መለስኩት።»

«ከየት ነው የመለስከው?»

ጋሽ ካልሲ ጨርቁ ላይ ያሉትን ብረቶች አየ። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየቻቸው። የመካኒክ ሚስት ናት፤ ማንም አላስረዳትም።

«ስንት ጊዜ አቀለልከው?»

«አምስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከካቻምናው ዝናብ።»

«ሐኪሙ መቼ ጀመረሽ ሲለኝ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ሁለት ሳምንቴ ነው አልኩት። አንተም አዎ ብለህ ራስህን ነቀነቅክ።»

«ነቀነቅኩ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። እጆቿን ከመሪው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«በስንት መርፌ ወጉኝ፣» አለች፣ «የሌለ ምክንያት ፍለጋ። እኔም ሌሊቱን ምን በድዬ ነው እያልኩ አምላክን ስሞግት።»

«ማርያምን፣ አንቺን ለመጉዳት ብዬ…»

«አውቃለሁ። እሱን መች አጣሁት? አውቃለሁ፤ ግን ሂድ።»

«ወዴት?»

«ሐኪሙ ጋ። ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ድረስበት። ከካቻምናው ዝናብ ጀምሮ ነው በለው። ካርዱን ያርመው።»

«አሁን ማረሙ ምን ይጠቅምሻል?»

«መርፌው ይቅርልኝ። በኔም ስም ውሸት ተጽፎ አይቀመጥም።»

ሊያወርዳት እጁን ዘረጋ።

«አንተ ተው። ልጄ፣ አንቺ ክንድሽን ስጪኝ።»

ክንዴን ሰጠኋት። ከብዳ ተደገፈችብኝ። አሥሩ እርምጃ ረዥም ነበር፤ በመጋረጃው ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስወጣ ጋሽ ካልሲ ብረቶቹን በጨርቁ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟቸዋል። ለሐኪሙ ሊያሳያቸው ይሆን ብዬ ልጠይቀው አልቻልኩም።

«ላድርስህ፣ ጋሼ። መኪናዋ አለች።»

«በዚች አይሆንም» አለ። የመኪናዋን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖረው። «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። አትደንግጪ።»

የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። ጎማ ጠጋኙ ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ጮኾ ቀለደበት። ጥቅሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ በመንገዱ ዳር ዳር ሄደ።