የመምህር ፈንታሁን የጠዋት መንገድ

መምህር ፈንታሁን የደሴ ልጅ ነው። መቀሌ የመጣው አማርኛ ሊያስተምር ነበር፤ ጥቂት ሠርቶ ሊመለስ አስቦ፣ ኣሰለፈችን አግብቶ ቀረ። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ከቤቴ ፊት ለፊት ይኖራል። ከለቅሶም ከሠርግም አይቀርም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አንድ ጉድለት ቢኖርበት ሰው ፊት የሚያሳፍር እውነት ከአፉ ማውጣት አለመቻሉ ነው።

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስኳር ተገኘበት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ፣ "ጠዋት ጠዋት ላብ እስኪያጠምቅህ በእግርህ ሂድ" አለው። ለማለት ቀላል ነው። እኛ ሰፈር ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም፤ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ቀብር ነው የሚሄደው። ሩጫ የተማሪ ነው። አንድ ጎልማሳ ባዶ እጁን ዳገት ሲወጣ ከታየ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ ነካ አድርጎታል። ደግሞ ሰላምታችን ሳያልቅ "ናበይ?" እንላለን፤ ወዴት ነህ ማለት ነው። መልስ የሌለው ሰው የዚያን ዕለት የሰፈሩ ወሬ እሱ ነው።

መንገዱ ከሰፈራችን ተነሥቶ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ይወጣል፤ ባሕር ዛፎቹን ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ሽቅብ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የግራው በኮረብታው ወገብ ተጠማዝዞ ከጀርባ ወዳለች ትንሽ ግድብ ይወርዳል። ግድቧ ዳር ጽድ ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ፣ "መናፈሻ" የሚል ታፔላ ቆሟል። እኛ ሐይቅ እንላታለን፤ ሐይቅ ያላየ ሰው እንዲህ ነው። በበጋ ግማሿ ጭቃ ነው፣ የውሃ ወፎቹ ግን አይለቋትም። ፈንታሁን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደዳት።

ያን ሰሞን በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ያገኙት አደይ አሰገደች ናቸው። አደይ፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸው ገበያ ውስጥ ማርና ቅቤ የሚሸጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት ናቸው።

"ከመይ ሓዲርኩም መምህር፤ ናበይ?"

ስኳር አለብኝ ማለት አሳፈረው። ልንሸራሸር ማለት ከዚያ ባሰ አሳፈረው። "ወደ ኢየሱስ" አላቸው። ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የፈንታሁን ራስ ያኔ ተመልጦ ያለቀ ነበር፣ ነገሩም አመለጠ።

ሳምንት ሳይሞላ መምህር ስእለት እንዳለበት ሰፈሩ አወቀ። አደይ አሰገደችም አንድ ጠዋት ጧፍ ይዘው ጠበቁት። ጧፉን ራሳቸው ነው የሠሩት፤ ከማሩ የሚተርፈውን ሰፈፍ በጥጥ ፈትል ላይ እየጠቀለሉ። አንድ ልጃቸው ገዛኢ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወጥቶ ነበር። ከባሕሩ ዳር ደውሎ "ጀልባ እየጠበቅን ነው" ብሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

"እኔን ጉልበቴ ዳገቱን አያወጣኝም። እርስዎ መቼም በየቀኑ ይሄዳሉ፤ ለገዛኢ ብለው ያብሩልኝ" አሉት።

ፈንታሁን ተቀበለ። ከመንታው መንገድ ሲደርስ ግን የትምህርት ሰዓት ደርሶ ነበር፣ የቀኙ አቀበትም ረጅም ነው። "ነገ" አለ፤ ወደ ሐይቁም ወረደ። ጧፉን ሚስቱ ኣሰለፈች ኮቱን ስታጥብ እንዳታገኘው ከግድቡ ካብ ውስጥ ሸጎጠው። በሳምንቱ ሌላ ጧፍ መጣ። የመጀመሪያው ሳይበራ ሁለተኛውን ማብራት ደግሞ ከበደው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሆነ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ አልምረውም፤ እግር ነበረው፣ ክብሪትም ነበረው።

በ2006 ኅዳር ሳዑዲ ያገራችንን ልጆች ስታባርር ሰፈሩ በደስታና በለቅሶ ተደበላለቀ። የእገሌ ልጅ ገባ፣ የእገሌ ልጅ ገባች ይባላል። አደይ አሰገደች በዚያ ጉልበታቸው አንዴ መናኸሪያ፣ አንዴ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄዱ ከሚወርደው ሁሉ ፊት ላይ ገዛኢን ፈለጉ። የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ገዛኢ የለም፤ አየሁት የሚልም የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ስንላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ተዉ። "አለሁ" ብቻ ይላሉ። በነቢያት ጾምም ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ከሚሸጡት ቅቤ ቆርሰው በሉ። ያን ያህል ዘመን በጾም ቅቤ ሲሸጡ ጣታቸውን እንኳን የማይልሱ ሴት ናቸው። ነፍስ አባታቸው ሊመክሯቸው መጡ። ፈንታሁንና እኔም ነበርን።

"አባ፣ ይተዉኝ" አሉ። "እኔ እኮ ሳልለምነው ቀርቼ አይደለም። ይኸው መምህር ምስክሬ ናቸው፣ ዓመት ሙሉ አብርተውልኛል። ሰማኝ፤ ሰምቶ እንቢ አለኝ።"

ፈንታሁን ጫማውን ያይ ነበር። ስኳሩ የወደቀበት መስሎኝ ሻይ በስኳር አምጡለት አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ አደይ አሰገደች በር ላይ ቆሞ አየሁት፤ ተሻግሬ ሄድኩ። ጋዜጣውን ፈታው። ጧፎቹ በበጋ ፀሐይ ቀልጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ አንድ ድብልብል ሰም ሆነዋል። አደይ አሰገደች የእጃቸውን ሥራ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ሳይበራ?"

"ሳይበራ፣ አደይ።"

"አንዱም?"

"አንዱም። እኔ ለስኳሬ ስል ነበር የምሄደው። ወደ ግድቡ።"

በዱላቸው ቢሉት አልገላግልም ነበር፤ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ሰሙን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ያዙት፣ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። "እንዲያ ከሆነ ኣይሰምዐን" አሉ። ወደ እኔ ዞሩና ደገሙት። "ገና አልሰማም እኮ! ማን ነግሮት? ያልተነገረውን ነው እንቢ አለኝ ብዬ ያማሁት።"

ፊታቸው ላይ የነበረውን ለመናገር ይከብደኛል። ከኅዳር ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነገር ነው፤ እኔም አለቀስኩ።

ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዱላቸውን አነሡ። "ተነሥ፤ ያን መንገድ ምራኝ" አሉት፣ ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብለውት አያውቁም።

በአንድ ጎን እሱ፣ በአንድ ጎን እኔ ደግፈናቸው ወጣን። ባሕር ዛፎቹ ሥር ደጋግመው አረፉ። ከመንታው ስንደርስ ፈንታሁን፣ እግሩ ለምዶበት፣ ወደ ግራ አንድ እርምጃ አነሣ። አደይ አሰገደች የኮቱን እጅጌ ጨምድደው ያዙት።

"ናበይ?" አሉት።

"ወደ ኢየሱስ" አለ።

ገዛኢ እስካሁን አልደወለም። ጠዋት ሰላም ስንላቸው ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉናል።