ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚደውሉት ጤና መኮንን

ከባለቤቴ ከጤና መኮንን ሽፈራው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ባና መጭመቅ ነበር። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ይህ ወፍራም ብርድ ልብስ ታጥቦ ውሃ ከጠጣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጠመዘዝነው። ጥቂት እንደጠመዘዝን ጫፉን ሣሩ ላይ አስቀመጡና «ወርቄ፣ ትንሽ ልረፍ» አሉኝ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ባናውን አጥሩ ላይ አሰጣነው። በማግስቱ፣ የመፃጉዕ ሳምንት ማክሰኞ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ አልተነሡም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ሲደውሉላችሁ በምትሰሙት ድምፃቸው ብቻ ስለሆነ ይህን እጽፍላችኋለሁ። ቶሎ አልጻፍኩትም። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። በቤታችን «አንተ» እያልኳቸው ነው የኖርኩት፤ እዚህ ግን ለሥራቸው የሚገባውን አክብሮት ልስጥ።

ጤና ጣቢያችን ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ነው። ቀድሞ ልቡን የታመመ ሰው እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ይንገላታ ነበር። የልብ ምት በወረቀት ላይ የሚያወጣው መሣሪያ ሲመጣ ሽፈራው ወረቀቱን በገዛ ስልካቸው ፎቶ እያነሡ አዲስ አበባ ላሉት የልብ ሐኪም፣ ለዶክተር ሰላም፣ መላክ ጀመሩ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው አውድማ ላይ ብቻ ነበር። ዶክተሯ አንድ ቀን «ጋሽ ሽፈራው፣ ከእርስዎ ይልቅ ነፋሱን ነው የምሰማው» ቢሏቸው፣ «እሱም ተራ ይዞ ነው፣ ይመዝገብልኝ» አሏቸው።

ከሕመምተኛው ይልቅ ያደከማቸው የቢሮው ጣጣ ነበር። የመሣሪያው ወረቀት ያልቃል፤ ለጤና ቢሮ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ማህተም ጎድሎታል ተብሎ ይመለሳል፤ መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ወራት ይቀመጣል። በስልክ የታየ ሰው ካርድ ስላልወጣለት በሪፖርት አይገባም ተባሉ። ማታ ጫማቸውን እያወለቁ «ሰው ከማከም፣ ሰው መታከሙን ማስረዳት ይበልጥ ያደክማል» ይሉኝ ነበር።

የጎረቤታችንን የእማሆይን ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያነሡት ነበር። እማሆይ ሽንት የሚያወጣውን ክኒን ጠዋትና ከሰዓት እንዲወስዱ ታዘዘላቸው። ሁዳዴ ገባ። የእግራቸው እብጠት አልጎድል ሲል ዶክተሯ መጠኑን ጨመሩ፤ አሁንም አልጎደለም፤ ደግመው ጨመሩ። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን እማሆይ ዞሮባቸው ወደቁ። ሽፈራው ሮጠው ሲደርሱ በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ክኒን አገኙ። ጾሙን ሙሉ የጠዋቱን አልወሰዱም ነበር። ጾሙ ሲፈታ ግን የተጨመረውን ሁሉ በጠዋቱም በከሰዓቱም ዋጡት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አሏቸው።

«ልጄ፣ መድኃኒትም ቢሆን በአፍ የሚገባ ነገር ነው። አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ሽፈራው የዚያኑ ዕለት ለዶክተሯ ደውለው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱን ልኬ ሴትዮዋን አልላክሁም» አሉ። ከዚያ ወደ እማሆይ የንስሐ አባት ሄደው የመድኃኒቱን ፈቃድ አስገኙላቸው። ለቢሮም በቅጹ ላይ ስለ ጾም የሚጠይቅ መስመር ይጨመር ብለው ጻፉ። ቅጹ ከላይ የመጣ ስለሆነ አይነካም የሚል መልስ መጣ። እሳቸውም በእያንዳንዱ ወረቀት ዳር በቀይ እስክሪብቶ «ይጾማሉ» ወይም «አይጾሙም» እያሉ መጻፍ ያዙ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውድማው ላይ ወጥተው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ እየደወሉ «የጠዋቱ ተዋጠ?» ይሉ ጀመር። ጡረታ ሲወጡ ሥራውን የሚረከብ ሰው አልተመደበም። ሁሉም የያዘው ቁጥር የእሳቸው ነበርና መደወሉን ቀጠሉ።

ራሳቸውም ከሦስት ዓመት ወዲህ የልብ ክኒን ይወስዱ ነበር። እንዴት እንደሚወስዱ አልጠየቅኋቸውም። ይህን ሁሉ ሰው የሚጠይቅ ሰው ምኑ ይጠየቃል ብዬ ነው።

ከሠልስቱ በኋላ መሳቢያቸውን ከፈትኩ። ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ ለይተው ያስቀመጡት የጠዋቱ ክኒን በቦታው ነበር። የጎደለው የቅዳሜና የእሑድ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀኖች እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምማ። ለዶክተር ሰላም ስነግራቸው፣ የሽፈራው ሞት ምክንያት ያ ይሁን አይሁን ማንም በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል አስረዱኝ። በመጨረሻም «እኔም አልጠየቅኋቸውም» አሉ።

ሽፈራው፣ አሁን እንደ ቤታችን አንተ ልበልህ። ለእማሆይ ያገኘህላቸውን ፈቃድ ለራስህ ለምን እንዳልጠየቅህ አላውቅም። ስለዚህ ነገር ብዙ ቀን ተቆጣሁህ። አሁን ቁጣውም ደክሞኛል። ባናው ደርቋል፤ እማሆይ አንዱን ጫፍ ይዘውልኝ አጥፌዋለሁ። በቀብርህ ቀን ከሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ክኒናቸውን ውጠው መጡ። ብዙ ደክመሃል፤ አምላክ በማትደክምበት ቦታ ያሳርፍህ። ደህና ሁን።

ቢሮው ሰው እመድባለሁ ብሏል፤ እስካሁን የመጣ የለም። ስልክህን አልዘጋሁትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውድማው ላይ እወጣና የሕመምተኞችህን ቁጥር በጻፍክበት ደብተር ተራ ለእያንዳንዱ እየደወልኩ የጠዋቱን ውጠው እንደሆነ እጠይቃለሁ።