ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ በአንድ ዓይን የሚኖር ሰው ካልፈራ ማን ሊፈራ ነው? ግራ ዓይኔ በልጅነቴ ታሞ ብርሃን፣ ጥላና ቀለም ከመለየት አያልፍም። ቀኙን ብሸፍነው ከፊቴ የቆመው ነገር ባለቤቴ ትሁን ፍሪጅ አላውቅም። ደግነቱ ቀኙ ደህና ነው። አትላንታ ውስጥ ታክሲ የነዳሁት፣ ስቶን ማውንቴን አፓርታማ የተከራየሁት፣ ሚስቴን ከወሎ ድረስ ያመጣሁት በዚያ በአንዱ ነው። ሌላው ሰው ልጁን እንደሚጠብቅ እኔ ዓይኔን ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ስኳሽ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም በየሳምንቱ ትለኝ ነበር። ስኳሽ ማለት ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው፣ በራኬት አንዲት ትንሽ ጥቁር የጎማ ኳስ ከፊት ለፊት ግድግዳ ጋር በየተራ የሚያላትሙበት ጨዋታ ነው። መካከላቸው መረብ የለም። ተጋጣሚህ ከኋላህ ሆኖ ሲመታ ኳሷ በጆሮህ አጠገብ እያፏጨች ታልፋለች። የክለባችን አንድ አባል እየሳቀ እንደነገረኝ፣ የቴኒስ ኳስ ትልቅ ስለሆነ ፊት ላይ ቢያርፍ የዓይን ዙሪያ አጥንት ይመልሰዋል፤ የስኳሽ ኳስ ግን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ትላለች። ምኑ እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያስጀመረኝ የታክሲ ደንበኛዬ ነው። ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር፣ ከቢሮዎች መካከል ወዳለ አንድ ክለብ የማመላልሰው ረጅም አሜሪካዊ ነበር። እሱ ሲጫወት እኔ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ውጭ እጠብቀዋለሁ። አንድ ክረምት ብርዱን አይቶ ገብተህ ጠብቀኝ አለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ራኬት አስያዘኝ። ኳሷን በደንብ ስለማላያት ድምጿን ማዳመጥ ለመድኩ፤ ከግድግዳው ስትመለስ የት እንደምትወርድ በጆሮዬ አውቅ ጀመር። እየዋለ እያደረ ሰው የምረታ ሆንኩ። የዓይን መከላከያ መነፅሬን ግን አንድም ቀን ሳላደርግ ገብቼ አላውቅም። የመነፅሩን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም፤ ታክሲ ነጂ አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው ለደንበኛው አያወራም።

ያ ደንበኛዬ የክለቡ ቡድን ካፒቴን ነበር። ከየአገሩ የመጡ ክለቦች በቡድን የሚገጥሙበት ውድድር እዚያው አትላንታ ሊደረግ ሲል አምስተኛው ተጫዋች አንተ ነህ አለኝ። አምስተኛ ማለት የቡድኑ ደካማ ማለት ነው፤ ቢሆንም አንድ ቡድን የሚያልፈው ከአምስቱ ግጥሚያ ሦስቱን ሲያሸንፍ ስለሆነ አንዳንዴ ነገሩ ሁሉ ደካማው ላይ ይወድቃል።

በውድድሩ ጠዋት ባለቤቴ ቡፎርድ ሃይዌይ ከምትሠራበት የምግብ ሸቀጥ መደብር ኦፍ ስለነበረች አብራኝ ልትሄድ ለበሰች። በር ላይ ደርሰን ፊቴን አየችና «ፈርተሃል» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ታዲያ ካንስል አድርገዋ! አሞኛል በላቸው።»

«ዋሽቼ?»

«እንግዲያው ፈራሁ በላቸው።»

«እሱማ ይብሳል» አልኳት። እውነቴን ነበር። ዋሸ መባል እችላለሁ፤ ፈራ መባል ግን በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት አልችልም።

የገጠሙን እንግሊዞች ነበሩ። አራቱ ጓደኞቼ ተጫውተው ሁለት አሸነፉ፣ ሁለት ተሸነፉ። ቀረሁ እኔ። ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ። ተጋጣሚዬ ቀይ ፀጉር ያለው ግዙፍ ሰው ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነው አሉኝ። ራኬቱን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከሩቅ እየሰነዘረ ይመታል። ገና ሰውነታችንን ስናሟሙቅ መነፅሬን ከራሴ ጋር የሚያስረው ላስቲክ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልቋጥረው ሞከርኩ፤ አልሆነም።

ካፒቴኑ አየኝ። ከቦርሳው የራሱን መነፅር አወጣና በመጫወቻ ክፍሉ የመስታወት በር ዘረጋልኝ። «የኔን ትፈልጋለህ?»

«አይ፣ ግድ የለም፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ የአገሬ ሰው እንዲፈርደኝ እፈልጋለሁ። እኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም። እናቴ እንግዳ «በልቻለሁ» ሲላት ሰምታው አታውቅም፤ ሰምታው ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ከቤታችን ተርቦ በወጣ ነበር። አንዴ እምቢ ትላለህ፣ ሰውየው «በሞቴ» ይላል፣ ሁለተኛም ትግደረደራለህ፣ በሦስተኛው እየተሽኮረመምክ ትቀበላለህ። አፌ ያደገበትን ነው የተናገረው። እጄማ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር።

ካፒቴኑ «ኦኬ» አለ። መነፅሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ዚፑን ዘጋ፤ ቦርሳውን ከወንበሩ ስር ገፋው።

ለአዋቂዎች መነፅር ግዴታ ስላልነበረ ዳኛው ምንም አላለም። በሩ ተዘጋ። አሁን ተመልሼ «ስጠኝ» እንዳልል አሁን ነው እምቢ ያልኩት፤ ሰውየው ምን ይለኛል? በመስታወቱ በኩል ባለቤቴን አየኋት። ጣቶቿን ክብ አድርጋ ዓይኖቿ ላይ ደገነችና ትከሻዋን ሰበቀች፤ መነፅርህስ ማለቷ ነው። በእጄ አብሽሪ አልኳት። እኔን አብሽር የሚለኝ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ጌም እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም። ተጫወትኩ ከማለት ተደበቅኩ ማለት ይቀላል። እሱ ከኋላዬ ሲሆን ራኬቴን ፊቴ ላይ እጋርዳለሁ፤ ራኬት ደግሞ ወንፊት ነው፣ ምን ይጋርዳል? ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ እጀምራለሁ፣ ኳሷ ትመጣና ታቋርጠኛለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ጌሙን ተሸነፍኩ፤ መሸነፌ ትዝም አላለኝ፤ ዓይኔ መኖሩን ብቻ በእጄ ዳሰስኩ።

በእረፍቱ ካፒቴኑ እግርህን አፍጥን፣ ወደ መሃል ተመለስ እያለ ይመክረኛል። እኔ የማየው ከወንበሩ ስር ያለውን ቦርሳ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ! ዓይኔን ተከትሎ ወደ ታች አየና «ጫማህ ጥሩ ነው፣ አታስብ» አለኝ። ቀጥሎ ውኃ ሰጠኝ። «አይ» አልኩት። ራሱ ጠጣው።

ሁለተኛው ጌም ተጀመረ። ኳሷ ከኋላ ጥግ ገባች፤ እንግሊዙ ተከተላት። የራኬቱን ምት ሰምቼ እንደ ወትሮው የኳሷን መንገድ ከድምፁ ለማወቅ ስሞክር፣ በዚያ ቅጽበት ፍርሃቴ አሸነፈኝና የት እንዳለች ለማየት ወደ ኋላ ዞርኩ። በስኳሽ የማይደረግ ነገር ይህ ነው። ቀኝ ቅንድቤ ስር እሳት ተለኮሰ።

በጉልበቴ ወደቅኩና መዳፌን ቀኝ ዓይኔ ላይ ለጠፍኩ። በግራዬ ወለሉ ቢጫ ጉም ሆኖ ይታየኛል፤ ጥላዎች ወደ እኔ ይሮጣሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ስፈራው የነበረው ዓለም ይህ ነበር፤ አሁን ውስጡ ተንበርክኬያለሁ። «እጅህን አንሳ፣ እንየው» ይሉኛል። እጄን ካላነሳሁ ዓይኔ ገና አልጠፋም፤ ካነሳሁ ግን ቁርጡ ይታወቃል። ስለዚህ ላለማንሳት ወሰንኩ። እንግሊዙ ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ ይቅርታ፣ ይቅርታ ይላል፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

አንድ ጥላ ቀይ ሆኖ መጣ። ባለቤቴ ናት፤ ሂጃቧ ቀይ ነበር። ሰው ሳሎን እንደገባች ሁሉ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው።

«እጅህን አንሳ» አለችኝ።

«አልችልም።»

«ቢስሚላህ በልና አንሳ።»

«ቆይ፣ ትንሽ ቆይ።»

አልቆየችም። የእጄን አንጓ ይዛ ሳበችው። መጀመሪያ ብርሃን መጣ፤ ከዚያ ደም የመሰለ ነገር፤ ከዚያ የእሷ አፍንጫ፣ ከንፈሯ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ማርያም የሳመቻት። አየኋት። «ትታዪኛለሽ» አልኳትና አለቀስኩ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ።

ከተመልካቾቹ መካከል የነበረች አንዲት ሐኪም በባትሪ አየችኝ። ኳሷን የመለሳት የቅንድብ አጥንት ነው፣ ዓይኑ የተነካ አይመስልም አለች። ወዲያው ደግሞ ወደ ባለቤቴ ዞራ «እስከ ነገ ግን ተከታተዪው። ብዥ ካለው፣ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከወረደበት፣ ሰዓት ሳታጠፊ ሆስፒታል» አለቻት። ደስታዬ እዚያው ላይ ተቀጨ።

ባለቤቴ ካፒቴኑ ላይ ተነሳች። «ይሄ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው! መነፅር ለምን አልሰጠኸውም?»

ካፒቴኑ አመድ መሰለ። «አንድ ዓይን? ሰጥቼው ነበር። አልፈልግም አለኝ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅከው?»

ጥያቄው አልገባውም። «አንድ ጊዜ» አለ።

ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ነገር እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ። «አንድ ጊዜ!» አለች በአማርኛ፤ መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ዳኛው ቀረበና የማረፊያ ጊዜ እንደሚሰጠኝ፣ ካልተመለስኩ ግን ግጥሚያው የእንግሊዞቹ እንደሚሆን ነገረኝ። መቀጠል ትችላለህ ወይ አለኝ። ካፒቴኑ መነፅሩን በእጁ ይዟል። አራቱ ጓደኞቼ በሩ ላይ ተደርድረው አፍ አፌን ያያሉ። አፌ «ችግር የለም» ሊል ሲከፈት ተሰማኝ።

«ፈርቻለሁ» አልኩ። «አልጫወትም።»

ካፒቴኑ ብብቴን ይዞ አነሳኝና እስከ ወንበሩ አደረሰኝ። ከጓደኞቼ አንዱ ፎጣውን ወለሉ ላይ ወርውሮ ወጣ። ተናደድኩበት፤ አሁንም ቂሜን አልተውኩም። ሊጠፋ የነበረው ዓይን የእሱ ቢሆን ፎጣውን ወዴት እንደሚወረውር ባየሁ!

ወደ ቤት የነዳችው ባለቤቴ ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ቅርብ ነው፤ ሃይዌይ ላይ መሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው የምትነዳው። ሌላ ቀን ቢሆን እሱው ራሱ ያስፈራኝ ነበር። እኔ በረዶ ቅንድቤ ላይ ይዤ መጋረጃውን እጠብቃለሁ። ደመና ባለፈ ቁጥር፣ በድልድይ ስር ባለፍን ቁጥር መጣ እላለሁ።

«ያንን አንብብልኝ» አለችኝ አንድ ሰሌዳ ስታይ። አነበብኩላት። «ያንንስ?» አነበብኩ። የጭነት መኪና ጎን ላይ የተጻፈውን፣ የበርገር ቤቱን ማስታወቂያ፣ የፊት ለፊቱን መኪና ታርጋ ሁሉ አስነበበችኝ። ድምፄ ትንሽ ከዘገየ እግሯ ከነዳጁ ላይ ይነሳል፤ ከኋላችን ያሉት ክላክስ ያደርጉብናል።

«እዚያ ማዶ ያለው ትልቁስ?»

አፈጠጥኩ። አረንጓዴ መሆኑ ይታያል፤ ነጭ ነገር እንደተጻፈበትም ይታያል። ፊደሎቹ ግን እርስ በርስ ተያይዘዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ ያው ነው። «ማንበብ አልቻልኩም» አልኳት።

እጆቿ መሪው ላይ ሲጠብቁ አየሁ፤ አንገቷን አስግጋ ወደ ፊት አጮለቀች። ብዙ መንገድ የሄድን መሰለኝ።

«እኔም አልቻልኩም» አለች።

ከዚያ ሁለታችንም ዓይናችንን ሰሌዳው ላይ ተክለን ቀረብነው፤ እኩል፣ ጮክ ብለን አነበብነው።