የጋሼ ፍሬን ግራ ዓይን

ሰፈሩ «ጋሼ ፍሬን» የሚላቸው ከሩቅ ስለሚይዙ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፤ መብራቱ ቢጫ ከመሆኑ በፊት እግራቸው ፍሬን ላይ ነበር። ጡረታ ወጥተውም ጠባዩ አልለቀቃቸውም። ደረጃ ከመውረዳቸው በፊት ይቆማሉ፤ «እሺ» ከማለታቸው በፊት ደግሞ ከሁሉም አብልጠው ይቆማሉ። አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው፣ «አባዬን ከማሳመን የቆመ አውቶቡስ መግፋት ይቀላል» ትላለች።

ቀኝ ዓይናቸው አያይም። ሞራ ሲጋርደው፣ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ በርካሽ የሚገፍፍ ሰው አለ ተባለና ሄዱ። ነጭ ጋውን ለብሷል፣ አነጋገሩ ማር ነው፤ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ዓይኑ አመርቅዞባቸው ቢመለሱ ክፍሉ ጫማ መሸጫ ሆኗል። ጫማ ሻጩ ስለ ሰውዬው የሚያውቀው ቁልፉን ሳይመልስ መሄዱን ብቻ ነበር።

አሁን ግራውም ሞራ ለበሰ። ቢነካና ቢበላሽ ጨለማ ነው፤ ባይነካም ዞሮ ዞሮ ጨለማ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጃቸው የዓይን ሐኪም ባነሳች ቁጥር ጋሼ ፍሬንን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በመጨረሻ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ ክፍል ሲገቡ አልተቀመጡም። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ባለመስታወት ወረቀት ሄደው አፍንጫቸውን ለጠፉበት።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«አባዬ፣ ይሄ የእሳት ማጥፊያው አጠቃቀም ነው። የሙያ ፈቃዷ ወዲህ ነው።»

«ታድሷል?»

«ታድሷል።»

«ስንተኛ ደረጃ ነው?»

«የመኪና አይደለም እኮ።»

«ቢሆንማ ደግ ነበር። እኛን ዓይናችንን እያዩ ነው የሚያድሱልን። እናንተንስ ይፈትኗችኋል?»

ሐኪሟ እጇን እየታጠበች፣ «መንገድ ላይ አውጥተው አይፈትኑንም፣ አባቴ። ግን በየጊዜው ትምህርት ካልወሰድን አይታደስም» አለች።

«ነገር ቢበላሽ ማን ጋ ይኬዳል?»

«ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ። የትም ብገባ ያገኙኛል።»

ጋሼ ፍሬን ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። እሳቸው እንደሚሉት፣ ፈቃድ ችሎታ አይሰጥም፤ ሰውየው ሲያጠፋ የት እንደሚገኝ ግን ይናገራል። ችሎታ የሚጠየቀው በሌላ በኩል ነው።

«አንቺ ልጄ፣ አበላሽተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጃቸው ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«አውቃለሁ» አለች ሐኪሟ። «አንድ አናጢ ነበሩ። ዓይናቸው አመረቀዘ። እንዳየሁት ከእኔ ለሚበልጥ ሐኪም ይዣቸው ሄድኩ። ያያሉ፤ ግን እንደተመኘሁት አይደለም። እስከ ዛሬ እየመጡ አያቸዋለሁ።»

«ምነው ዶክተር፣ ስንት ለምኜ ያመጣሁትን ሰው» አለች ልጃቸው።

«አንቺ ዝም በይ» አሉ አባቷ። «ተጋጭቼ አላውቅም የሚል ሾፌር ወይ ዋሽቷል፣ ወይ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነው የኖረው። ይልቅ መቼ ልምጣ?»

ሞራው በተገፈፈ ማግስት ሐኪሟ የዓይናቸውን ሽፋን አነሳች። ጋሼ ፍሬን ደጋግመው ዓይናቸውን አርገበገቡ። በድምፅዋ ጎልማሳ ሴት ትሆናለች ብለው ነበር።

«ይህችን የምታህል ልጅ ነሽ እንዴ?» አሉ። «ቀድሜ አይቼሽ ቢሆን በመጣሁበት እግሬ እመለስ ነበር።»

«እንኳን አላዩኝ» አለች ሐኪሟ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺስ፣ ይሄን ሁሉ ሽበት ከየት አመጣሽው?»

«አንተን ሐኪም ቤት ካልወሰድኩህ እያልኩ ስለፋ ነዋ፣ አባዬ።»